ስቲከር መቁረጫው ሲያስቸግር መጀመሪያ የጀርባውን ወረቀት እዩ

አዳማ ውስጥ አንድ ባጃጅ አስቁማችሁ ዙሪያውን ብትመለከቱ አራት አምስት ቦታ ስቲከር ታገኛላችሁ። የማኅበሩ ስም፣ የጎን ቁጥሩ፣ ከፊት መስታወቱ በላይ የተለጠፈ ጥቅስ፣ ከኋላ ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ስም። ሱቆቹም እንዲሁ ናቸው። የፋርማሲው በር ላይ ያለው አረንጓዴ መስቀል፣ የፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ያለው መቀስ፣ የካፌው የዋጋ ዝርዝር፣ አብዛኛው የሚወጣው ከአንድ ዓይነት ማሽን ነው። ፕሎተር ይሉታል፤ ስቲከር መቁረጫ የሚሉትም አሉ።

ከትልልቅ የማተሚያ ማሽኖች ጋር ሲነጻጸር በትንሽ ገንዘብ የሚገባበት ሥራ ስለሆነ ብዙ ወጣቶች ይጀምሩታል። አንዳንዶች ለራሳቸው መዝናኛ፣ ለላፕቶፕና ለሞተር ሳይክል ጌጥ ብለው ይገዙትና ቀስ በቀስ ሥራ ይሆንላቸዋል። ጥቂት የማይባሉት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ማሽኑ አይሠራም» ብለው ጥግ ያስይዙታል። እኔ ያየኋቸው «አይሠራም» የተባሉ ማሽኖች በአብዛኛው ደህና ነበሩ። ሰዎቹ ያላዩት አንድ ነገር ነበር፤ ስቲከሩ ከተላጠ በኋላ የሚቀረው ወረቀት። የመቁረጥ ችግር ከሞላ ጎደል ሁሉ እዚያ ላይ አሻራውን ይተዋል። እሱን ማየት የለመደ ሰው ለአብዛኛው ብልሽት ጥገና ባለሙያ መጥራት አያስፈልገውም።

ምላጩ እንዴት ነው የሚቆርጠው?

ስቲከር ሦስት ንብርብር አለው። ላይኛው ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፒቪሲ ነው። ውፍረቱ እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ 100 ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ከሥሩ ሙጫ አለ። ከሙጫው ሥር ደግሞ ሙጫው እንዳይዘው ሲሊከን የተቀባ ወረቀት አለ። ከማሽኑ የሚጠበቀው ፕላስቲኩንና ሙጫውን ቆርጦ፣ ወረቀቱን ግን ሳይበሳ ማለፍ ነው። ይህን ያህል ስስ በሆነ ነገር ላይ ነው የምንሠራው፤ ስለዚህ ትንሽ የምትመስል የአቀማመጥ ስህተት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ታበላሻለች።

ሌላው መታወቅ ያለበት ምላጩ በሞተር የማይዞር መሆኑ ነው። በመያዣው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ኩሽኔታዎች ላይ በነፃነት ይሽከረከራል። ጫፉ ከመሐል ዘንጉ ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ያለ ነው፤ በብዙዎቹ ምላጮች ይህ ርቀት 0.25 ሚሊሜትር ነው። የቢሮ ወንበር እግር ላይ ያለችው ጎማ ወንበሩ ወደተገፋበት አቅጣጫ ራሷን እንደምታዞር፣ ምላጩም መስመሩ ወደሄደበት እየተጎተተ ይዞራል። ይህ ዓይነቱ አሠራር ማሽኑን ርካሽና ቀላል አድርጎታል። ኩሽኔታው ውስጥ አንዲት የስቲከር ፍርፋሪ ወይም የአቧራ ቅንጣት ከገባች ግን ምላጩ በጊዜው አይዞርም፤ ማዕዘኖች ይቀደዳሉ፣ ክቦች ይጣመማሉ። ማሽኑን የሚሸጡ ሰዎች ይህን ለገዢው ቢያስረዱ ግማሹ ቅሬታ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥልቀቱን ከወረቀቱ ማንበብ

አዲስ ምላጭ ስታስገቡ መጀመሪያ ማሽኑን እርሱትና በእጃችሁ ሞክሩ። ምላጩን ከነመያዣው አውጡት፣ እንደ እስክሪብቶ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያም ልትቆርጡ ባሰባችሁት ስቲከር ቁራጭ ላይ ጠንከር ባለ እጅ አንድ መስመር ጎትቱ። የመያዣው አፍ ስቲከሩን እየነካ መሄድ አለበት። ስቲከሩ ተቆርጦ ወረቀቱ ላይ ስስ ጭረት ብቻ ከቀረ የምላጩ ርዝመት ልክ ነው። ወረቀቱ ከተቆረጠ ምላጩ ከመጠን በላይ ወጥቷል፤ ወደ ውስጥ መልሱት። ለተለመደ ስቲከር ከመያዣው አፍ ውጭ መታየት ያለበት የምላጭ ጫፍ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር፣ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ስታሳልፉበት ብቻ የምታገኙት ያህል ነው። ብዙ ጀማሪዎች ምላጩ በደንብ እንዲታያቸው ይፈልጋሉ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ርዝመቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ግፊቱ የሚኬደው። ብዙዎቹ ማሽኖች ግፊትን በግራም ያሳያሉ፤ ለተለመደ ስቲከር ከ80 እስከ 120 ግራም ያለው ጥሩ መነሻ ነው። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ በ10 በ10 እየጨመራችሁ 2 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ፣ በውስጡም ክብ ያለበት ሙከራ አስቆርጡ። በየመሐሉ ክቡን አንሡትና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አጋድማችሁ ተመልከቱ።

ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት ከሌለና ስቲከሩ ሲነሳ አንዳንድ ቦታ እየተያያዘ ከመጣ ግፊቱ አንሷል። እርሳስ ሳይጫን እንደጻፈው ያለ ስስ መስመር ዙሪያውን እኩል ከታየ እዚያው ላይ አቁሙ። በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ ከሆነ ወይም ብርሃን ካሳለፈ በዝቷል። መብዛቱ ወዲያው ስለማይጎዳ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ «ዋናው መቁረጡ ነው» ይላል። ጉዳቱ ግን ይመጣል። ፊደሉ ሲነሳ የወረቀት ቅርፊት ይዞ ይመጣል፣ ያ ቦታ መስታወቱ ላይ አይጣበቅም። ምላጩ ቶሎ ይደንዛል። ከሥሩ ያለው ንጣፍም ይጎደጎዳል።

መስመሩ በአንዱ የክብ ጎን ጠልቆ በሌላው ጎን ከሳሳ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ግፊቱን ብትጨምሩ አንዱን ወገን ታድናላችሁ፣ ሌላውን ትበሳላችሁ። ምላጩ በነፃነት እየዞረ አይደለም ወይም ጫፉ ተሰብሯል። አውጡት፣ መያዣውን በአልኮል አጽዱ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ ከተቻለ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ኩሽኔታው ላይ አድርጉ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ስትነኩት ያለ ምንም መያዝ የሚሽከረከር መሆኑን አረጋግጡ።

አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ለእያንዳንዱ ጥቅል የሠራላችሁን ግፊት በጥቅሉ ውስጠኛ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ያው ጥቅል፣ ያው ቀለም ሆኖ ከጥቂት ሳምንት በፊት በ90 ይቆረጥ የነበረው ዛሬ 130 ከጠየቀ ምላጩ እየደነዘ ነው። የደነዘን ምላጭ በግፊት ማሠራት ለጊዜው ያስኬዳል፤ ለማሽኑ ግን ጥሩ አይደለም፣ ስቲከሩንም ከመቁረጥ ይልቅ እየገፋ ይቀደዋል።

ማዕዘኑ፣ የማይዘጋው ክብና ሁልጊዜ የምትቀረው ቦታ

ጫፉ ከመሐል 0.25 ሚሊሜትር ስለሚርቅ ማሽኑ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ያንን ርቀት አስልቶ ትንሽ አልፎ መዞር አለበት። ይህ ቁጥር ኦፍሴት ይባላል፤ በማሽኑ ስክሪን ወይም በሶፍትዌሩ ውስጥ ይገባል። ከሙከራው ካሬ ማወቅ ይቻላል። ማዕዘኖቹ ከተድበለበሉ ቁጥሩ አንሷል። ማዕዘኑ ላይ ወደ ውጭ የሾለች ጆሮ የመሰለች ነገር ከታየች በዝቷል። በ0.05 በ0.05 እያስተካከላችሁ ማዕዘኑ ሹል እስኪሆን ሞክሩ። ከሌላ አምራች ምላጭ ከገዛችሁ ቁጥሩ ሊለያይ ስለሚችል ሙከራውን ድገሙ። የምላጩ ማዕዘንም ይለያያል፤ ለዕለት ተዕለት ስቲከር 45 ዲግሪ ይበቃል፣ አንጸባራቂና ወፍራም ለሆነ 60 ዲግሪ ይሻላል። የመያዣው ወይም የፕላስቲክ ክዳኑ ቀለም በየፋብሪካው ስለሚለያይ ቀለሙን ሳይሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ እመኑ።

ክቡ መነሻውና መድረሻው ካልገጠመ ከኦፍሴቱ ሌላ ሦስት ነገር እዩ። የምላጩ መያዣ በማሽኑ ተንቀሳቃሽ ራስ ላይ በደንብ ካልታሰረ ይወዛወዛል። ይህን ራስ ወዲያና ወዲህ የሚጎትተው ችንጋ ከላላ አቅጣጫ ሲቀየር ትንሽ ይዘገያል። ስቲከሩ ከላይ በሚጫኑት ጎማዎች ሥር ከተንሸራተተም እንዲሁ ይሆናል። ለመለየት ቀላል ነው፤ ትንንሾቹ ክቦች ልክ ሆነው ረጅም ሥራ ላይ ብቻ ካልገጠመ ጥፋቱ መንሸራተት ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ምርመራ። ስቲከሩ በአንድ ቦታ ብቻ አልቆረጥ ካለ፣ ያ ቦታ ከማሽኑ ግራ ጫፍ ምን ያህል እንደሚርቅ በማስመሪያ ለኩ። ሌላ ሥራ አስቆርጡና እንደገና ለኩ። ሁልጊዜ እዚያው ርቀት ላይ ከሆነ ምላጩን አትንኩት። ከምላጩ ሥር ማሽኑን አቋርጣ የተለጠፈች ስስ የቴፍሎን ንጣፍ አለች፤ እዚያ ቦታ ላይ ተቆርጣ ጎድጉዳለች ማለት ነው። ምላጩ እዚያ ሲደርስ ስቲከሩ ወደ ጉድጓዱ ይሰምጥና ግፊቱ ይጠፋል። ንጣፏን ነቅሎ መቀየር ቀላል ነው፣ ከባድ ወጪም የለውም። ቦታው በየጊዜው ከተለዋወጠ ግን ወደ ምላጩና ወደ ግፊቱ ተመለሱ።

መንሸራተትን በተመለከተ፣ ተጫኝ ጎማዎቹ መቀመጥ ያለባቸው ከሥር ሻካራ ዘንግ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ማሽኖች ቦታውን በምልክት ያሳያሉ። ሻካራው ዘንግ ላይ የስቲከር ሙጫና አቧራ ሲጠራቀም መያዝ ያቆማል፣ በጥርስ ብሩሽ አጽዱት። ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑ 50 ሜትር ጥቅል እንዲጎትት አታድርጉ። ሥራው የሚፈልገውን ርዝመት ቀድማችሁ ከጥቅሉ ፍቱና ላላ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ። ከ1 ሜትር በላይ ለሆነ ሥራ ከመቁረጥ በፊት ስቲከሩን በማሽኑ ወደፊትና ወደ ኋላ አንድ ጊዜ አስኪዱት፤ ወደ ጎን ከሸሸ ያኔውኑ ይታያል፣ አንሥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱት።

ኮምፒውተሩና መብራቱ

ማሽኑ መሐል ላይ ቆሞ ከቀረ ወይም በድንገት ያልታሰበ መስመር ጎትቶ ሥራውን ከሰነጠቀ ሰዉ ቶሎ የሚጠረጥረው ቦርዱን ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ግንኙነቱ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ማሽኖች በዩኤስቢ ይገናኙ እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያያቸው እንደ ኮም ፖርት፣ ማለትም የራሱ ቁጥር እንዳለው የመገናኛ በር ነው። ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ ካዛወራችሁ የኮም ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን የድሮውን ይፈልጋል። «ማሽኑ አይገናኝም» ከሚባለው ብዙው ይኸው ነው። የፍጥነት ቁጥሩ፣ ባውድ ሬት የሚባለው፣ በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት፤ በብዙዎቹ 9600 ነው። ካልተመሳሰለ ትርጉም የሌለው ጭረት ይወጣል ወይም ዝም ይላል። በደንብ ጀምሮ ረጅም ሥራ መሐል ላይ ሁልጊዜ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ፍሎው ኮንትሮል የሚለውን ቅንብር እዩ። ማሽኑ «ሞልቶብኛል፣ ቆይ» ሲል ኮምፒውተሩ እየሰማው አይደለም።

መጠኑ በትንሹ ከተዛባም ምክንያቱ ይታወቃል። አብዛኞቹ ማሽኖች የሚረዱት ኤችፒጂኤል የተባለውን ቋንቋ ነው፤ በዚህ ቋንቋ 1 ሚሊሜትር 40 እርምጃ ነው፣ 1 ኢንች 1016 ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ላይ 1000 ተብሎ ከተሞላ 60 ሳንቲሜትር ያላችሁት ሥራ ወደ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ይሳሳታል። ቁጥሩን ማረም ብቻ ይበቃዋል።

አዳማ በበጋ ደረቅና ነፋሻ ናት። ስቲከር ከጥቅሉ ሲፈታ በደረቅ አየር ስታቲክ ይፈጥራል፤ ፀጉር ሲያቆም የምናየው ዓይነት። ይህ ኤሌክትሪክ በማሽኑ ብረት በኩል ወደ ዩኤስቢው ሲያመልጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል ወይም የማሽኑ ራስ ወዳልታዘዘበት ይዘላል። መፍትሔው ጥሩ ኧርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ኖሮ ሽቦ ያልተገናኘበት ሶኬት ስላለ የመብራት ሠራተኛ አስፈትሹ። ማሽኑን ከማቀዝቀዣና ከብየዳ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ፣ የዩኤስቢ ገመዱንም አጭር አድርጉ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ መነሻ ነጥቡን ይረሳዋል፣ የተጀመረውን መቀጠል አይቻልም። ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ ያለው ሰው ያስጀመረውን ያስጨርሳል። የሌለው ደግሞ ረጅሙን ሥራ በየመስመሩ ከፋፍሎ ይላክ፤ ቢጠፋም የሚባክነው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ፊደሉ

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች የማይነግሩን እዚህ ላይ ነው። መመሪያዎቹ የተጻፉት ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል በጥቃቅን ቀለበቶችና እግሮች የተሞላ ነው፤ ድምፁን የሚለዩትም እነሱ ናቸው። «ምግብ ቤት» ብላችሁ ቆርጣችሁ ስትነቅሉ የ«ቤ» ቀለበት በዙሪያዋ ካለው ትርፍ ስቲከር ጋር ከሄደች በሩ ላይ የሚነበበው «ምግብ በት» ነው።

የአዳማ ታፔላዎች ብዙውን ጊዜ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛን ይይዛሉ። ሦስት መስመር በአንድ መስታወት ላይ ሲገባ እያንዳንዱ መስመር ያንሳል። ቁቤው ሲያንስ ችግር የለውም፤ ፊደሉ ግን 2 ሳንቲሜትር ቁመት ላይ ሲደርስ የ«ቤ» ቀለበት ውስጧ ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ጫፉ 0.25 ሚሊሜትር የሚርቅ ምላጭ እንዲህ ባለች ቀለበት ውስጥ ለመዞር ይቸገራል፤ ሳይዞር ከቀረ ቀለበቷን ይነቅላታል። ስለዚህ ፍጥነቱን ለትንንሽ ፊደል በጣም ቀንሱ፣ ምላጩ አዲስ ይሁን፣ ፎንቱም ወፈር ያለና ቀለበቱ ሰፋ ያለ ይሁን። ኒያላን የመሰለ ቀጭንና ወፍራም መስመር የሚያፈራርቅ ፎንት ለወረቀት ያምራል፤ በትንሽ ስቲከር ላይ ግን ቀጭኑ መስመር አይተርፍም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ እኩል ውፍረት ያለው ይሻላል። ደንበኛው አምስት የስልክ ቁጥርና የአገልግሎት ዝርዝር በአንድ በር ላይ ሲጠይቅ «ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ከገባ ከመንገድ አይነበብም» ማለትም የሥራው አካል ነው።

ፋይል ከሌላ ሰው ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። በቆዩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ዲዛይነሩ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ቅርጽ እንዲቀይር ጠይቁ። ከዚያ በኋላም እዩት። አንዳንድ ፎንቶች ፊደሉን የሚሠሩት ተደራራቢ ቁርጥራጮችን ገጣጥመው ነው፤ ስክሪን ላይ አንድ ይመስላል፣ ምላጩ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ይቆርጠዋል፣ ፊደሉም መሐሉ ተሰንጥቆ ይወጣል። በኮረል ድሮው ዌልድ፣ በነፃ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ደግሞ ዩኒየን የሚባለው ትእዛዝ ያዋህደዋል። ከመላካችሁ በፊት ቀለሙን አጥፍታችሁ በመስመር ብቻ ተመልከቱት። ማሽኑ የሚያየው እሱን ነው። ከስልክ የተነሣ የሎጎ ፎቶ ግን መስመር የለውም፤ ተከትሎ እንደገና መሣል አለበት። ፎቶን በራሱ ወደ መስመር የሚቀይረው ትሬስ የሚባለው ትእዛዝ በነጥብ የተጨናነቀ መስመር ስለሚያወጣ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ይቆርጠዋል። ጊዜ ወስዶ በእጅ መሣል ይሻላል።

መንቀልና መለጠፍ

ትርፉን ስትነቅሉ ወደ ላይ አትሳቡ። ወደ ኋላ አጥፋችሁ ከወረቀቱ ጋር አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ ፊደሉ ተከትሎ ለመነሳት ዕድል አያገኝም። በጽሑፉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሳጥን ካስቆረጣችሁ፣ በመስመሮቹ መሐልም አንድ አንድ መቁረጫ ከጨመራችሁ ትርፉ በትንንሽ ክፍል ይነሣል። የቀለበቶቹን ውስጥ በመርፌ ጫፍ ልቀሙ። ሙቀት ሙጫውን ስለሚያለሰልሰው የተቆረጠው መስመር ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል። በአዳማ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጥቃቅን ፊደል መንቀል ጊዜ ማባከን ነው። ጠዋት ይሁን፤ የተቆረጠውም ሳያድር ይነቀል።

ፊደሉን ከወረቀቱ ወደ መስታወቱ የሚያሻግረውን የማስተላለፊያ ቴፕ ፊደሉ ላይ በፕላስቲክ ካርድ በደንብ ጫኑ፣ ከዚያ ሥራውን ገልብጣችሁ ወረቀቱን ከቴፑ ላይ ላጡ። ቴፑን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ መላጥ ፊደሉን ይጎዳዋል።

ከተማዋን የከበቡት ኮረብቶች ላይ የቆሙት ተርባይኖች፣ የአዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋትና የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ የተተከሉት እዚህ ነፋስ ስላለ ነው። ያው ነፋስ አቧራውን ይዞ ይመጣል። የተጠረገ መስታወት እጃችሁን ታጥባችሁ እስክትመለሱ አቧራ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በመጨረሻ በአልኮል ጥረጉ፣ ወዲያው ለጥፉ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አትጠቀሙ፤ እጅን ለማለስለስ የተጨመረበት ነገር መስታወቱ ላይ ይቀራል። ሰፊ ለሆነ የመስታወት ሥራ ውኃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ እርጩበት፤ ስቲከሩ ስለሚንሸራተት ቦታውን ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር ውኃውን ግፉት፣ ቴፑንም ሳትቸኩሉ ጠብቃችሁ አንሡ። ፀሐይ ላይ የዋለ የባጃጅ ቆርቆሮ ላይ ግን አትለጥፉ። ሙጫው እንደነካ ይይዛል፣ ማረም አይቻልም፣ አየሩም ከሥሩ ይታፈናል። ጥላ አስገቡትና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ለባለቤቱም ቢያንስ አንድ ቀን እንዳያሳጥበው ንገሩት፤ ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሰዓታት በኋላ ነው።

የባጃጅ ሸራ ላይ ለጥፉልኝ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። ሸራው እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር በሙቀት ቀስ እያለ ወደ ሙጫው ይወጣል፣ ሙጫውም ይላላል። ጥሩ ስቲከርም ቢሆን ጫፉ ይነሣል። ከዚያ ይልቅ ስቲከሩን እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀሙበት። ፊደሎቹን ራሳቸውን ንቀሉና ዙሪያውን ሸራው ላይ ለጥፉ፣ ለፕላስቲክ ሸራ የሚሆን ቀለም ቀቡበት፣ ከዚያ ስቲከሩን አንሡ። ሥራው ያምራል፣ ጥቅሉም ርካሹ ዓይነት ቢሆን ግድ የለም።

ጥቅሉን ስትገዙ አመራረቱን ጠይቁ። በሙቅ ሲሊንደሮች ተዳምጦ የተሠራው ርካሽ ነው፤ ተለጥጦ ስለተሠራ ከጊዜ በኋላ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ላይም ጥቁር የአቧራ መስመር ይታያል። ፈሳሹ ፈስሶ ደርቆ የተሠራው፣ ካስት የሚባለው፣ ስስና ውድ ነው፣ ጠመዝማዛ ነገር ላይ ይተኛል። ለጠፍጣፋ መስታወት የመጀመሪያው ይበቃል። ለመኪና ጎንና ለሞተር ታንከር ካስቱን ግዙ። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች፣ ፀሐይዋም በምታቃጥል ከተማ ውስጥ ውጭ ለሚውል ሥራ የቤት ውስጥ ስቲከር መለጠፍ ደንበኛ ማጣት ነው።

ለቲሸርት የሚሆነው ሌላ ዕቃ ነው፣ በሙቀት የሚጣበቅ። ሙጫው በላይ በኩል ስለሆነ ተገልብጦ በመስታወት እንደሚታይ ይቆረጣል። ለተለመደው ዓይነት 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫናል፤ የጥቅሉ አምራች የጻፈው ከዚህ ከተለየ እሱን ተከተሉ። የመስታወት ስቲከር በቲሸርት ላይ አይሠራም። ደግሞም ሌዘር ማሽን ያላችሁ ሰዎች፣ ፒቪሲ ስቲከርን በሌዘር አትቁረጡ። ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ያዝጋል።

ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ስቲከርና አዲስ ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ። ንጣፏን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ችንጋውን ነካ አድርጉ፣ ተጫኝ ጎማዎቹ እንዳልተጨፈለቁ እዩ። ከዚያ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን አራት ማዕዘን አስቆርጡ። መነሻውና መድረሻው ካልተገናኙ ክፍተቱን በማስመሪያ ለክታችሁ ለሻጩ አሳዩት፤ የዋጋ ንግግሩ ከዚያ ይጀምራል።